እስኪያልቅ ስሙት

ያ ኑሩ የሚሉት ሰውዬ ካሴቱን ሰጥቶኝ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። እሱ ግን አለቃ መሆን አማረው።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሮማን የከፈተችው ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ ምስር እለቅማለሁ፣ ሌላው ሠራተኛ ሲያጠፋ እናገራለሁ። የመጨረሻውን ማንም አላዘዘኝም። ኑሩ በጓዳው በር ብቅ ብሎ፣ "እትዬ ዘቢደር እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ከአዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከኪሱ በጨርቅ የተሰፋች ነገር አወጣ። ስፌቱን ሳየው የታላቅ እህቴ የቦሰና እጅ መሆኑን አወቅሁ። ቦሰና መርፌ ስትይዝ ጨርቁ የበደላት ነው የሚመስለው።

በቢላዋ ተረተርኩት። ውስጡ ካሴት ነው።

"ልጃቸው ሀይለገብርኤል ነው የሰጠኝ" አለ ኑሩ። "ለገና አገር ቤት ሄዶ ድምፃቸውን ቀድቶ አመጣው። ለእርስዎና ለወንድምዎ ነው። ደግሞ እናቴ አደራ ብላለች ብሎኛል፤ ቁጭ ብላችሁ ባንዴ እስኪያልቅ ስሙት።"

"ማነው እንደዚያ ያለው?"

"እሳቸው ናቸው ያሉት። ሀይለገብርኤል ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል።"

"አንተም አደረስክ። ካሴት እንዴት እንደሚሰማ ካንተ አልማርም።"

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔም የተናገረውን ለወንድሜ ለመኩሪያ አልነገርኩትም። ረስቼው አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አራቱን ሱዳን ሦስቱን እዚህ፣ የእህቴን ድምፅ ሳልሰማ ኖሬያለሁ። ደብዳቤ ይመጣል፤ እኔ ፊደል ስለማልቆጥር ሮማን ታነብልኛለች። የቦሰና ደብዳቤ በሮማን አፍ ሲነበብ ቦሰና የት አለች? ስለዚህ ድምፅዋ በእጄ ሲገባ፣ ፍጠኚ አትፍጠኚ የሚለኝ ሰው አልፈለግሁም።

መኩሪያ ከኮረብታው ማዶ ኖርዝ ሆሊውድ ነው የሚኖረው። ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ካሴቱ በእኔ እጅ ነው፣ ቴፕ ያለው ግን እሱ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ቴፑን ታቅፎ በሁለት አውቶቡስ ፒኮ ጎዳና አጠገብ ካለችው ክፍሌ መጣ። አልጋዬ ላይ አስቀመጠውና ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ ነፋስ የመሰለ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ፣ ከዚያ ቦሰና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ዘቢደር፣ እንደምን ከርመሻል? መኩሪያ፣ እንደምን ከርመሃል?"

መኩሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አላዞርኩም።

ሰላምታዋ አገር ቤት እንደሚደረገው ነው። ከአንኮበር ማዶ ያለው መንደራችን ሰው አንድ ሳይቀር በስሙ እየተጠራ እንደምን ናችሁ ይለናል። የነማሚቱ ቤት፣ የነአሥራት ቤት፣ አጥር የሚጋሩን፣ በአጥር የተጣሉን። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ፊቱ ይመጣብኛል። በግድግዳዬ ሰዓት ላይ ረጅሙ ዘንግ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ሲሻገር፣ "ዝጋው" አልኩት።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ለዛሬ በቃን።"

"ምን ማለት ነው በቃን? ገና አጥር አልተሻገረችም እኮ።"

"የሳምንት ሰው ይበለን። የሚቀጥለው እሑድ ትሻገራለች።"

መኩሪያ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ሳልስቅ ስቀር ተቆጣ። "እትዬ፣ ይህ ካሴት ነው። ብትሰሚው አያልቅም። መቶ ጊዜ መልሰሽ ትሰሚዋለሽ።"

"የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቀውን መስማት ነው። ሰባት ዓመት የጠበቅሁትን በአንድ ሰዓት ጨርሼ፣ ሰኞ ሽንኩርት ስልጥ ምን ላስብ?"

"እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ስለጠበቅሁ ነው አሁን የምፈልገው። ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?"

"ካላመንክ ቴፕህን ይዘህ ሂድ።"

አልሄደም። ካሴቱ የእኔ ነዋ። ትንሽ ሳለን አባታችን ከገበያ ለሦስታችን አንዳንድ ቁራሽ ስኳር አመጣልን። ቦሰናና መኩሪያ እዚያው ቆመው ኮረሸሙት። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እልሰው ነበር። በአምስተኛው ቀን ከብት ስመልስ ዝናብ ያዘኝና ሟሟ። እነሱ ሳቁብኝ። እኔ ግን ጨርቁን መጠጥኩት፤ ጨርቁ ሁለት ቀን ጣፍጦኛል። ሰባት ቀን በላሁ ማለት ነው፣ እነሱ አንድ ጊዜ። የሳቁት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛው እሑድ ቅበላ ዋለ። ቦሰና የአማቾችዋን ሰላምታ ጀመረች። እነሱ ብዙ ናቸው። ሰዓቱ ቁጥሩን ሲሻገር ካሴቱን ራሴ አውጥቼ በጨርቁ ጠቀለልኩትና፣ "እንግዲህ ለፋሲካ" አልኩ።

መኩሪያ አፉን ከፍቶ አየኝ። "ምኑ ለፋሲካ?"

"ነገ ጾም ይገባል። በሁዳዴ ደስታ አይበዛም።"

"ካሴት ሥጋ ነው? ቅቤ ነው?"

"ከቅቤ ይበልጥብኛል። ለዚህ ነው የምጾመው።"

"ዘፈን አይደል፣ እስክስታ አይደል፣ የእህቴ ድምፅ ነው። ቄሱን ጠይቂ እስቲ።"

"ቄሱ ቦሰናን ያውቃታል? ምን ያህል እንደምትጣፍጠኝ በምን ያውቃል? እኔ ነኝ የማውቀው።"

"አንቺ ብቻ ነሽ የምትጾሚው፤ እኔ ልስማው።"

"እንግዲያው ቃልህ የት ገባ? አንድ ላይ ነው የምንሰማው ተባብለናል።"

ቴፑን አቅፎ ወጣ። በሩን በኃይል ሊዘጋው ፈልጎ እጁ አልታዘዘለትም፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ሃምሳ አምስቱን ቀን ቆጠብኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ጣፍጦኝ የጾምኩት ጾም የለም። ካሴቱ ትራሴ ሥር ነው። የሰማኋቸውን አሥር ደቂቃዎች ከሽንኩርቱ ጋር እያገላበጥኩ፣ ማሚቱ ሰላም ካለችኝ ታርቀናል ማለት ነው፣ የአሥራት ስም ያለ ሚስቱ ከተጠራ ሴትዮዋ ምን ሆነች እያልኩ ስንት ቀን በላሁበት። ሮማን ግን ነገሩን ሰምታ ጓዳ ድረስ መጣችብኝ። ልጅቷ ደግ ናት፣ ግን አንቱ ማለትን አውሮፕላን ላይ ጥላው መጥታለች።

"እትዬ፣ ሲሪየስ ነሽ? እኔ ብሆን ድራይቭ እያደረግሁ ሰምቼ እጨርሰው ነበር። ሶ ምንድነው የምትጠብቂው?"

"አንቺ ምሳሽንም ድራይቭ እያደረግሽ ነው የምትበዪው። የገዛ ወጥሽ ጨው እንደሚበዛበት ያላወቅሽው ለዚህ ነው።"

"ኦኬ፣ ኦኬ" ብላ ሄደች።

ፋሲካ ደረሰ። ጾም ተፈታ፣ ካሴቱም ተፈታ። ከዚያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኩሪያ እየመጣ፣ ሳይናገረኝ ቁጭ ብሎ አምስቷን ደቂቃ ሰምቶ ይሄዳል። በሁለት አውቶቡስ መጥቶ በሁለት አውቶቡስ ይመለሳል። ሰላምታው በአራተኛው እሑድ አለቀ፣ በቀይዋ ላም ጥጃ አንድ እሑድ ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሲቀየር ማን ምን እንዳወጣ አንድ እሑድ። መኩሪያ ጥርሱን ይነክሳል። እኔ ደግሞ ከነጥጃዋ ሳምንቱን አሳልፋለሁ።

ግንቦት 11 ቀን ስምንተኛው ሆነ። ካሴቱን ከገለበጥነው ሁለተኛው እሑድ ነው። ቦሰና እንደገና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አሁን እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ" አለች። "ዓይኔ አላይ ብሎኛል። ጥምቀትን ውዬ ለሕክምና አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ሀይለገብርኤል ጋር ነው የማርፈው። እስከ ግንቦት ልደታ እዚያው ነኝ። ከዚያ ክረምት ሳይገባ ወደ ቤቴ ነው፤ ዳግመኛ የምመጣ አይመስለኝም። ጎረቤቱ ለተማርያም የምትባል ሴት ስልክ አላት፣ ፈቅዳልኛለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስኪመሽ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ደውሉልኝ። ሳልታወር ሳልሞት፣ የምትመልሱልኝን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማ። ቁጥሩን ሀይለገብርኤል ይናገራል።"

የሀይለገብርኤል ድምፅ ቁጥሩን መጥራት ጀመረ። መኩሪያ ቴፑን ዘጋው። እኔ አልነበርኩም የዘጋሁት።

"ልደታ መቼ ነበር?" አለ። እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ።

"የዛሬ አሥር ቀን።"

ቁጥሩን መልሶ ከፍቶ በእጁ መዳፍ ላይ ጻፈና ወጣን። ፒኮ ላይ አውቶቡስ አልጠበቅንም፤ ፌርፋክስ ድረስ በእግራችን ነው የሄድነው፣ እሱ ቴፑን አቅፎ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሮማን የምግብ ቤቱን ስልክ ሰጠችን። መኩሪያ ከስልክ ሠራተኛዋ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነታረክ ቆየና ድንገት ጀርባውን ቀና አደረገ። አዲስ አበባ ከመሸ ቆይቷል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሁሉንም ሰማሁ።

"እሳቸውማ ሄዱ" አለች ለተማርያም። "ሐሙስ ልደታን አክብረው ዓርብ ተሳፈሩ።"

"ዓይናቸውስ?"

"አንዱን አድነውላቸዋል። አንዱ ብርሃን የለውም። አሥራ አምስት እሑድ እዚህ ተቀምጠዋል። ምሳቸውንም ስልኩ ሥር ነበር የሚበሉት። በጮኸ ቁጥር 'የእኔ ነው፣ እንዳታነሱት' እያሉ እንግዶቼን ሲያስደነግጡ ከረሙ። ካሴቱ አልደረሳችሁም እንዴ?"

"ደርሶናል" አለ መኩሪያ።

"ታዲያ?"

መኩሪያ አየኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁሉም ነገር" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ጓዳ ገባን። መጀመሪያ የተናደድኩት በቦሰና ነው። የላሟን ጥጃ ከማስቀደም ይህን ብታስቀድም ምን ነበረበት? ቁም ነገሩን ከአማቾችዋ ሁሉ ኋላ አሰልፋ፣ ጥጃዋን ከራስዋ ዓይን በፊት አስቀድማ። ይህንኑ ተናገርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሮማንም ትስማ ብዬ። መኩሪያ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጦ አስጨረሰኝ።

"ሀይለገብርኤልም ሞኝ ነው" አለ በኋላ። "ላመጣው ሰው አንድ ቃል አይነግረውም? ቶሎ ስሙት፣ ቀን አለው አይልም?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ኑሩ ሎንግ ቢች ወደብ ሥራ ይዞ ሄዷል፤ ማን ይነግረው ነበር? ግን በሕይወቴ ሌላ ብዙ ሆኛለሁ እንጂ ውሸታም አልሆንኩም።

"ብሏል" አልኩት።

"ማን?"

"ኑሩ። ባንዴ እስኪያልቅ ስሙት፣ አደራ ብሏል። ሀይለገብርኤል ሁለት ጊዜ አስደግሞታል። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።"

"ለምን?"

"ትሰማዋለህ ብዬ።"

ቢጮህብኝ እመልስለት ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። ቴፑን አንስቶ የሽንኩርት መክተፊያው ላይ አስቀመጠው። "ይኸው። ካሴቱም ውስጡ ነው። እንግዲህ እኔ የለሁም፣ አንቺን የሚያጣድፍሽ የለም። ቀስ ብለሽ ስሚ።" በጓዳው በር ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ቴፑ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው። ሮማን የትኛው ቁልፍ እንደሚከፍተው አሳየችኝ፤ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው። አልነካሁትም። ቆጥቤው አይደለም፤ ማንም እንደዚያ እንዳይመስለው። ሽንኩርት ስልጥ የማስበው ጥጃዋንም ማሚቱንም አልነበረም። በአንድ ዓይንዋ ስልክ የምትጠብቅ ሴት ነበረች የምትታየኝ፣ ምሳዋን ጭንዋ ላይ ይዛ። ያ አይጣፍጥም። ይህን ለሮማን አልነገርኳትም፣ ወጡን አሳረርሽ ብዬ ጮህኩባት እንጂ። አላረረም ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ቴፑን በነጠላዬ አዝዬ ወጣሁ። ሮማን በመኪና ላድርስሽ ብላ ነበር። አላስፈለገኝም። የመኩሪያን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ለሁለቱም ሹፌሮች አሳየኋቸው፤ ሁለቱም የማይገባኝን ብዙ ተናገሩኝ፤ እኔም የማይገባቸውን መለስኩላቸው። የመጀመሪያው ሆሊውድ አወረደኝ። ሁለተኛው ኮረብታውን ሲሻገር እያወረደ እየጣለ ሲያንገላታን ቴፑን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ያዝኩት። በየእሑዱ ለአምስት ደቂቃ ብሎ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነበር። እኔ አንድ ቀን እንኳ ደከመህ ወይ ብዬው አላውቅም።

መኩሪያ በካናቴራ በሩን ከፈተ። እኔን አየ፣ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

"ማን አደረሰሽ?"

"እግሬ። ግቢ አትልም?"

ገባሁ። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ የእንቁላል ፍርፍሩን ገፍቼ አስቀመጥኩት። ነጠላዬን ሳልፈታ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ስንት ቀረው?" አለ።

"አልነካሁትም።"

"ሦስት ሳምንት?"

"ያለ አንተ እሰማለሁ አላልኩም። ክፈተው። ብዘጋው እጄን ቁረጠው።"

ከፈተው። ቦሰና ተመለሰች። ስለ እህል ተናገረች፣ ዝናቡ ነገር እንዳበላሸባቸው ተናገረች፣ አላማረረችም። ሞተዋል ብለን ያላሰብናቸው ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ የአሥራት ሚስት አንዷ ናት። ሰዓቱን አላየሁም። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ቴፑ ቀረበ።

"መኩሪያ፣ ዘቢደርን እንዳትሰማት። ይህን እንደ ስኳሩ በነጠላዋ ልትቋጥረው ነው፤ አውቃታለሁ። ለዚህ ነው እስኪያልቅ ስሙት በሉልኝ ያልኩት። ዘቢደር፣ አንቺ ደግሞ እንዳትቆጪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ጊዜ ስኳርሽ ሲሟሟ የሳቅነው አንቺ ላይ አልነበረም። የእኔን ቶሎ በልቼ ከስኳርዋ አንድ ቀን ትሰጠኝ ይሆናል እያልኩ አምስት ቀን ስከተልሽ ነበር። ዝናቡ ሁለታችንንም ነው የቀማን። እናንተ እንዴት…"

ካሴቱ እዚያ ላይ አለቀ። ቃሉን እንኳ አላስጨረሳትም።

መኩሪያ እያለቀሰ ይስቃል። እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር። ስድሳ ዓመት ይህን ይዛ። አንድ ቀን ስጪኝ ብትል አልሰጣትም ነበር? ምናልባት አልሰጣትም ነበር። ያም ቢሆን መጠየቅ ነበረባት።

"ባዶ ካሴት አለህ?"

"አለኝ። ሲመቸን እሑድ…"

"አሁን።"

ፈልጎ አመጣ። "ስንት ደቂቃ ነው?" አልኩት። "ስልሳ" አለኝ። ሁለት ቁልፍ ባንዴ ተጫነና በእጁ ተናገሪ አለኝ። ወደ ቴፑ ተጠጋሁ።

"ቦሰና፣ ዘቢደር ነኝ። ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። ካሴትሽ ጥር ላይ ደርሶኛል። እስኪያልቅ ስሙት ያልሽውም ደርሶኛል። መኩሪያ የለበትም፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ አምስት እሑድ ስልክ ሥር ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። አሁን ስሚኝ። ሀይለገብርኤል አንቺን እንደገና የሚያመጣበትን ቀን ይቁረጥና ይላክልን። ዳግመኛ አልመጣም ያልሽውን አልሰማሁም። ቀኑን ከአማቾችሽ በፊት፣ ከጥጃዋ በፊት፣ ጉሮሮሽን ሳትጠርጊ ተናገሪ። እኛ ከዋዜማው ጀምረን ስልኩ ሥር እንቀመጣለን፤ ምሳችንንም እዚያው እንበላለን።"

ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ስል መኩሪያ ቁልፉን ተጫነና ዘጋው።

"ምነው ዘጋኸው?"

"የጨረስሽ መስሎኝ።"

"ስልሳ ደቂቃ ነው አላልክም? ክፈተው። ገና ስለ ስኳሩ አልተቆጣኋትም።"